ቀዩ ዛፍ አረንጓዴ ሲሆን

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ከባጃጅ ስወርድ አንድ ነገር አዳለጠኝ። አስፋልቱ ቀይ ሆኗል። ከላይ የረገፈውን አበባ የባጃጅ ጎማ ሲጨፈልቀው ውሎ፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከአስፋልቱ ጋር አብስላዋለች። ይህ አበባ ዛፉ ላይ እያለ ምንም አይሸትም። ሲጨፈለቅ ግን የእሸት ባቄላ ልጣጭ የሚመስል፣ እርጥብና ጎምዘዝ ያለ ሽታ አለው። ሹፌሩ መልሴን ይዞ «እህት፣ ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አስፋልት አሸታለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ጠፍቶብኝ ነው አይባል ነገር። «ምንም» አልኩትና መልሴን ተቀበልኩ።

ሌላው አገር ይህን ዛፍ የድሬዳዋ ዛፍ ይለዋል አሉ። እኛ እዚያው ያደግነው ግን በከተማችን ስም መጠራቱን እንኳ ሳናውቅ ቀዩ ዛፍ እያልን ኖረናል። በጋውን ቅጠሉን አራግፎ፣ ጥቁርና ረጃጅም ፍሬውን አንጠልጥሎ፣ የሞተ መስሎ ይከርማል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲያስኬድ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ጫፉ ላይ ቀላ ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ በሙሉ ይቀላል።

የእኛ ቤት ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ነበር። አባዬ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነው፤ አሮጌው ባቡር በሚሠራበት ጊዜ ማለቴ ነው። ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ጥቂት ቀን መንገድ ላይ ይሆናል፣ ጥቂት ቀን ቤት ይተኛል። እማዬ የሰው ልብስና መጋረጃ ትሰፋለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ አቤል ደግሞ የተቆራረጠ ጨርቅ እንለቅማለን፣ እንጣላለን። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ከግንቦት እሁዶች በአንዱ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጋሪ ተከራይቶ አበባ ለማየት ወደ ከዚራ ይሄዳል።

ጎረቤታችን አዴ ሙና ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ይህ ነገር በየዓመቱ አዲስ ይሆንባታል። «ጋሪ ተከራይቶ አበባ ማየት! አቦ፣ አበባ ይበላል? ወላሂ እናንተ የባቡር ሰዎች ጤና የላችሁም» ትልና ስምንት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ሁለት ምርቃት ጨምራ ለእማዬ ትሰጣታለች። ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ የእኔን ቀሚስ ስለሚነካ ጥቅሉን የሚይዘው አቤል ነው። የእሱ ልብስ መበላሸቱ አይቀርማ።

የዚያን ቀን አስተጣጠባችን ለሠርግ እንኳ አይደረግም። እማዬ ጆሯችንን ትፈትሻለች፣ ጥፍራችንን ትቆርጣለች፣ ራሷ የሰፋችውን ልብስ በከሰል ካውያ ተኩሳ ታለብሰናለች። ፀጉሬን ሁለት ጊዜ ፈትታ ትሠራለች። «እማዬ፣ አበባውን እኮ ነው የምናየው፤ እሱ እኛን አያየን» አልኳት አንድ ጊዜ። ፀጉሬን ከበፊቱ አጥብቃ ያዘችው።

ጋሪው የደቻቱን ድልድይ ሲያልፍ ከታች ያለው አሸዋ ሙቀት ይተፋል። ወንዝ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ውሃ ሳይሆን ግመል ሲያልፍበት ነው የማየው። ከድልድዩ ማዶ ከዚራ ይጀምራል፣ ጥላ ይጀምራል። በባቡር ጣቢያው አካባቢ ያሉት ዛፎች ትልልቅ ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው ከመንገዱ በላይ ተገናኝቶ ሰማዩን ቀይ ያደርገዋል። ሌላው ሰው እዚያ ነው የሚቆመው። ፎቶ አንሺው፣ ሁመር የሚባለውን ጎምዛዛ መጠጥ በላስቲክ የሚሸጠው፣ ሙሽሮች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። እኔና አቤል «እዚህ! እዚህ!» ብለን እንጮሃለን። እማዬ ለባለጋሪው «ትንሽ ወደፊት» ትለዋለች።

ትንሽ ወደፊት፣ ከጸጥተኛው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዝቅ ያለ የብረት አጥር ያለው ቤት ነበር። ከግቢው ውስጥ አንድ ቀይ ዛፍ አለ። እውነቱን ልናገርና ዛፉ ምኑም አያምርም። አንድ ጎኑ ለመብራት ሽቦ ተብሎ ስለተቆረጠ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። ከአጥሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ የኒም ዛፍ አለ። እኛ ከኒሙ ሥር ድንጋይ ላይ እንቀመጥና ከማዶ ሆነን ያንን ጎባጣ ዛፍ እናያለን። የዓመቱ ሽርሽራችን ይኸው ነው።

ከዛፉ ጀርባ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቀጭን ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ኮት ይለብሳሉ። አንድ ጊዜም ቀና ብለው ሲያዩን አላየሁም። ግን ጋዜጣውንም ሲገልጡ አላየሁም። አንድ ገጽ ለማንበብ ይህን ያህል የሚቸገር ትልቅ ሰው አለመማሩ ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር።

እኚያ ሰው የእናቴ አባት፣ አያቴ ነበሩ። ይህን ያኔ የነገረኝ ግን የለም። አፍደም የሚባል ትንሽ ጣቢያ ላይ የጣቢያ ሹም ሳሉ ሚስታቸው ሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ልጅቱ አደገችና ባቡሩ ጣቢያው ላይ ሲቆም ውሃ ሊጠጣ የሚወርደውን አንድ ፍሬን ያዥ ወደደች። ሽማግሌ ተላከ፤ እሳቸው «ልጄን ለፉርጎ ጭራ አልሰጥም» አሉ። ልጅቱ ጠፍታ ሄደች። እኔ ስወለድ አቅፋኝ እዚያ ብረት በር ላይ ቆማ ነበር አሉ፤ ጡረታ ወጥተው ከዚራ የገቡት ያኔ ነው። ከበረንዳው ተነሥተው ገቡና በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ እማዬ ካልጠሩኝ አልገባም አለች። አለመሄድ ግን አልቻለችም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን አበባ ታያለች።

እኔ በበኩሌ ሽማግሌውን የዛፉ ባለቤት ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ባለቤቱ ስላልፈቀደልን ነው ከማዶ የምንቀመጠው። እማዬ በየመሃሉ «ቲጂ፣ ወደዚህ ዙሪ፤ ፊትሽ ይታይ። አቤል፣ ቀጥ በል» ትለናለች። ከአጥሩ ውጭ የረገፈውን አበባ እንድንለቅም ግን ትፈቅድልናለች፤ እንዲያውም ትገፋፋናለች። ያልፈካውን እምቡጥ ልጣጩን ልጠን ጥፍራችን ላይ እንለጥፋለን፤ ረጅም አረንጓዴ ጥፍር ይሆናል። ከአበባው መሃል ያለውን ክር መዝዘን አንገት ለአንገት እያቆላለፍን እንጎትታለን፤ ራሱ የተበጠሰበት ተሸነፈ ማለት ነው። ከአበባው አምስት ቅጠሎች ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንዱ ደግሞ ይበላል፤ ጎምዛዛ ነው። ለአዴ ሙና ይበላል ብዬ ብነግራት አላመነችኝም።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በዚያ ግንቦት አባዬን ጠየቅኩት። «ለምን ገብተን ከሥሩ አንቀመጥም?»

አባዬ ሳምቡሳውን አላምጦ ሳይጨርስ «ባቡር ያለ ምልክት ጣቢያ አይገባም» አለ።

ለማሾፍ ነበር ያለው። እኔ ግን በቁሙ ወሰድኩት። የፍሬን ያዥ ልጅ ነኛ! እግሬን ሳላጸና ምልክት ለይቼ ነው ያደግኩት። አባዬ ቤት ሲሆን ከእማዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይወስድና ያስጫውተናል፤ ቀይ ሲያነሣ እኔና አቤል እየተጋጨን እንቆማለን፣ አረንጓዴ ሲያውለበልብ ግቢውን እንዞራለን። እና ቀና ብዬ ዛፉን አየሁት። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው! የከተማው ሰው ሁሉ አበባ የሚለው ነገር ለካ ቁሙ የሚል ምልክት ነው። ይህን ያህል ግልጽ ነገር አባዬ ስንት ዓመት ሲያየው ኖሮ ለምን ቀይ በሆነበት ወር እንደሚያመጣን ግን ሊገባኝ አልቻለም።

ስንመለስ እኔ ፊት ለፊት ከባለጋሪው አጠገብ ነበርኩ። ፈረሱ ያነክስ ስለነበር ቀስ እያልን ነው። ከኋላዬ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ።

«ንግሥት፣ እኔ ከእንግዲህ አልመጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እኔም ሰው ነኝ።»

«እኔ እመጣለሁ» አለች እማዬ ድልድዩን ስንጨርስ። «በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።»

በእግሯ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን፤ የስፌት መኪናው ግራ ጉልበቷን ጨርሶታል። እኔ የገባኝ ጋሪው፣ ሳምቡሳው፣ ጥፍሩ፣ ሁሉም ማክተሙ ነው። አለቀስኩ። ባለጋሪው አለንጋውን አስያዘኝ፤ አልጽናናም አልኩ።

የዚያ ዓመት ሰኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሦስተኛ ክፍል ፈተና ላይ አበባ በብዛት የሚያብበው በየትኛው ወር ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ምርጫው ውስጥ መስከረምም ግንቦትም አለ። እኔ ግንቦትን አከበብኩ፤ ኤክስ ገባብኝ። «ቲቸር፣ ነይ ላሳይሽ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ እንኳ አለ» ብላት፣ መጽሐፉ መስከረም ነው የሚለው አለችኝ። እያለቀስኩ ወረቀቱን ለእማዬ ወሰድኩላት። ከዚያ እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ለእኛ ግንቦት ነው። ለሌላው መስከረም ይሁንለት» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እማዬ ሁሉንም ነገር ስታጥፍና ስትጠቀልል ከግራ ነው የምትጀምረው፤ አባዬ በዚህ ይስቅባታል።

ሐምሌ ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ። አባዬ መንገድ በማይወጣበት ቀን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ምሳውን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ ድልድዩን እሻገራለሁ፤ ሙቀቱ ክዳኑን ስለሚያግለው በየመሃሉ እጅ እቀያይራለሁ። አንድ ቀን ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ በዚያ ጸጥተኛ መንገድ ዞርኩ። ቆሜ ቀረሁ። ጎባጣው ዛፍ አረንጓዴ ሆኗል! አንድ ቀይ ነገር የለበትም። ቅጠሉ እንደ ላባ ደቃቅ ደቃቅ ሆኖ አጥሩን አልፎ ወጥቷል።

አንድ ጊዜም አላመነታሁም። የብረት በሩን ገፋሁት፣ ተከፈተልኝ፣ ገባሁ።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ነበሩ። ጋዜጣውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት።

«ማን አስገባሽ?»

«አረንጓዴ ሆኗል» አልኩና ወደ ላይ ጠቆምኩ።

ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምኑ?»

«ዛፉ ነዋ! ግንቦት ላይ ቀይ ነበር፣ ውጭ ቆምን። አባዬ ባቡር ያለ ምልክት ጣቢያ አይገባም ብሏል። አሁን አረንጓዴ ሰጠህ፣ ገባሁ።»

ድሬ ውስጥ ልጅ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፤ ንቀት አይደለም፣ አፋችን ነው። እሳቸው ግን ከሸዋ የመጡ ሰው ናቸው፣ ያን ሁሉ ዓመት አልለመዱትም። «ሰጠህ» አሉ ለራሳቸው። «እናቷ አንቱ ብላ ነው ያደገችው።»

«እማዬን ታውቃታለህ?»

ከኮታቸው ኪስ ሰዓት አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱ። «ዘንድሮ አሥር ሰዓት ከሃያ ነው የደረሳችሁት። አምና ልክ አሥር ሰዓት ነበር።»

«ፈረሱ አንክሶ ነው።»

«እናትሽም ስትወርድ ታነክስ ነበር። ግራ እግሯን።»

«ጉልበቷን ያማታል። የስፌት መኪና በእግሯ ስለምትመታ ነው።»

ጋዜጣውን አጠፉት። ያኔ ነው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት አጫጭር ዱላዎች ያየሁት። በሁለቱም ላይ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ነዋ። «የአንተ ባንዲራ ነው?»

«የጣቢያ ሹም ነበርኩ።» ዞር ብለው አዩአቸው። «ባቡሩ ሲያልፍ አረንጓዴውን ለልጄ እሰጣታለሁ፣ እሷ ትጠቀልለዋለች። ሥራዋ ነበር። ከቀኝ ሲጠቀለል በአንድ ምት ይዘረጋል፤ እሷ ሁልጊዜ ከግራ። ፍቺና ድገሚው እላታለሁ። ትደግመዋለች። በማግስቱ ደግሞ ከግራ።»

«አሁንስ ማን ይጠቀልልልሃል?»

ምሳ ዕቃው እጄን እያቃጠለኝ ነበር፤ ግን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነውር መሰለኝ።

«አንድ ቀን ለአንድ የዕቃ ባቡር አረንጓዴ ሰጠሁ» አሉ። «የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ባንዲራውን ልሰጣት ዞርኩ። አልነበረችም።»

«የት ሄደች?»

«ባቡሩ ላይ።»

እኔ የዚያን ጊዜ ያሳዘነኝ የሥራው ስሕተት ነው። «ቀዩን ብታሳያቸው ይቆሙልህ ነበር እኮ።»

«ዘግይቼ አወቅኩ» አሉ። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ለካ ረጅም ናቸው። እስከ በሩ ሸኙኝ። «ሂጂ፣ የአባትሽ ምሳ ይቀዘቅዛል» አሉኝ፤ በድሬ ሐምሌ ምሳ ይቀዘቅዝ ይመስል። በሩን ሲዘጉ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። «ሁለተኛ ብቻሽን አትምጪ። ፉርጎ ብቻውን ጣቢያ አይገባም።»

ማታ ሁሉንም አወራሁ። እማዬ የሰው መጋረጃ እያጠፈች ነበር፤ መጀመሪያ ልትቆጣኝ ተነሣች፣ ሰዓቱን ስነግራት ቆመች፣ ማነከሷን ማየታቸውን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ሁልጊዜ ከግራ» ያሉትን ስነግራት የገዛ እጇን አየች። መጋረጃውን በግማሽ አጥፋው ነበር፤ ከግራ። እዚያው ጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጠች። «አያትሽ ነው» አለችኝ። «አባቴ ነው፣ ቲጂ።» ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ እንባዋ ግን እጇ ላይ ሲወርድ አየሁ። እኔ ደግሞ አያት የሚባለው ሰው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ባንዲራም ያለው በመሆኑ ኩራት ተሰማኝ።

አባዬ በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። «አየ እንጂ አልጠራም» አለ። ነገር ግን እሱንም የፉርጎዋ ነገር አላስተኛውም። ለብዙ ቀን ፊቱን ሲታጠብ፣ ጫማውን ሲያስር ያነሣታል። «ሙሉ ባቡሩን ይዘሽ ነይ ማለቱ ነው? ወይስ እግርሽን እንዳላይ ማለቱ ነው? የጣቢያ ሹም ንግግር እኮ ይኸው ነው፣ ቁርጥ ያለ ነገር አይወጣቸውም።»

እማዬ ጠበቀች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መኪናውን አቁማ ቀና ትላለች። ደንበኛ ነው፣ አዴ ሙና ናት፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ዘመን መለወጫ አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። የላከባት ሰው የለም። እኔም ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ገብቼ አበላሽቼው ይሆን እያልኩ በጣም እፈራ ነበር። ምሳ ሳደርስ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤታችን ዛፍ ጫፉ ቀላ። እማዬ ለእኔ አዲስ ቀሚስ መስፋት ጀመረች።

እሁድ ደረሰ። አዴ ሙና ሳምቡሳውን ስትሰጣት ያንን ቀልዷን አላወራችም፤ የእማዬን ትከሻ ነካ አድርጋ «ሃዬ፣ አይዞሽ» ብቻ አለቻት። አባዬ በር ላይ በሥራ ልብሱ ቆሞ ነበር። ቃሉ ቃል ነው፤ አልሄድም ብሏል። ጋሪው ሲመጣ እማዬን ደግፎ አወጣት፣ አቤልን አንሥቶ አስቀመጠ፣ ከዚያ «እስከ ድልድዩ ልሸኛችሁ» ብሎ ጋሪው ላይ ወጣ። ድልድዩ ላይ ባለጋሪው ፈረሱን ገታው። አባዬ የደቻቱን አሸዋ ያያል። አልወረደም። እማዬም ውረድ አላለችውም። ባለጋሪው ትንሽ ጠበቀና ፈረሱን ነዳው።

በጣቢያው ትልልቅ ዛፎች ሥር ስናልፍ እኔም አቤልም «እዚህ» አላልንም።

ጸጥተኛው መንገድ ላይ ስንታጠፍ መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ነው። ጎባጣው ዛፍ እንደዚያ ዓመት አብቦ አያውቅም፤ አጥሩም፣ መሬቱም፣ የበረንዳው ቆርቆሮም ቀልቷል። ያው ቁሙ ነው። ከዚያ ደግሞ የብረት በሩን አየሁ። በሁለት ብረቶች መካከል አንድ አጭር ዱላ ተሰክቷል፤ ጫፉ ላይ የደበዘዘ፣ ጠርዙን ብል የበላው ጨርቅ ተዘርግቶ ይንቀሳቀሳል።

«አረንጓዴ!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ፣ አረንጓዴ ነው!»

አባዬ ከጋሪው ወረደ። የሥራ ልብሱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ተፈቅዷል» አለ።

እማዬ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። «እውነት ለእኛ ነው?»

«ታዲያ እዚህ ሰፈር ሌላ ባቡር አለ?»

ወረደች። ጉልበቷን ረስታው ነበር መሰለኝ፣ ማንንም ሳትይዝ ነው የወረደችው። በሩ ጋ ስትደርስ ባንዲራውን ከብረቱ መካከል መዝዛ አወጣችው፤ በሩን በትከሻዋ ገፋች፣ እየተራመደች ትጠቀልለው ጀመር። ባቡሩ ካለፈ ባንዲራው ይጠቀለላል፤ ሥራዋ ነው። እኔና አቤል ቀሚሷን ይዘን ተከተልናት።

አያቴ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ጋዜጣ አልያዙም። እማዬ ደረጃው ሥር ስትደርስ አንገቷን ደፍታ ባንዲራውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «አባባ» አለች።

ተቀበሏት። ጨርቁን አገላብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። የሚቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ዛሬም ከግራ» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?»

እማዬ ሳቅ ይሁን ሌላ ያልለየሁት ድምፅ አወጣች። አያቴ ቀና ብለው በር ላይ የቀረውን አባዬን አዩት። «አንተስ ፍሬን ያዥ፣ እዚያ ምን ትጠብቃለህ? ምልክቱን አላየህም?» ከዚያ ባንዲራውን ለእማዬ መልሰው ዘረጉላት። «ፍቺና ድገሚው።»

እማዬ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጨርቁን ፈታችው፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከቀኝ ጀመረች። አያቴ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከአጠገቧ ተቀመጡ። እኔ ከፊት ለፊቷ ቆሜ እጇን አይ ነበር፤ እንባዋ የወደቀበት ቦታ ላይ የደበዘዘው ጨርቅ እንደ ድሮው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል።